ከመሬት ክርክር በተነሣ የግድያ ወንጀል ላይ የይግባኝ ቅሬታ አዘገጃጀት

በገጠሩ የአገራችን ክፍል የወሰን ድንጋይ ተነቀለ፣ ማረሻ ድንበር አልፎ ገባ፣ ወይም የሟች አባት መሬት ለልጆች ሲከፋፈል አንዱ ወገን ቀረበት በሚል ምክንያት የሚነሣ ጠብ አንዳንድ ጊዜ የሰው ሕይወት ያጠፋል። በዚህ ጊዜ ጉዳዩ ከቀበሌ የመሬት አስተዳደር ኮሚቴና ከሽማግሌዎች እጅ ወጥቶ በግድያ ወንጀል ክስ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ተከሳሹ ጥፋተኛ ከተባለና ከተቀጣ በኋላ ቤተሰቡ ይግባኝ ለማስጻፍ ሲነሣ፣ የብዙዎቹ ማመልከቻዎች የመጀመሪያ ገጽ መሬቱ ከአያት ጀምሮ በማን እጅ እንደነበረ በመተረክ ያልቃል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ይህን ልማድ ለማስተው ነው። የይግባኝ ችሎት የሚመረምረው መሬቱ የማን እንደሆነ አይደለም። የሚመረምረው ግድያው በተፈጸመባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ማን ምን እንዳደረገ፣ በምን ሐሳብ እንዳደረገው፣ ይህም በማስረጃ መረጋገጡንና ትክክለኛው የሕግ አንቀጽ መጠቀሱን ነው። የመሬቱ ታሪክ ወደ ማመልከቻው መግባት ያለበት ስለእነዚያ ደቂቃዎች አንድ ነገር የሚያስረዳ ከሆነ ብቻ ነው።

ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የሥነ ሥርዓት አንቀጾች የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ሲሆኑ፣ ስለ ወንጀሉና ስለ ቅጣቱ የሚጠቀሱት ደግሞ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጾች ናቸው። የሥነ ሥርዓት ሕጉን የሚተካ ረቂቅ ለዓመታት ሲዘጋጅ የቆየ ስለሆነና ክልሎችም የየራሳቸው የፍርድ ቤት ማቋቋሚያ አዋጅ ስላላቸው፣ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት በሥራ ላይ ያለውን አንቀጽና የቀን ገደብ ከመዝገብ ቤቱ ወይም ከጠበቃ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ቀኑ

ይግባኝ የመጠየቅ መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 6 የተረጋገጠ ቢሆንም፣ ቀኑ ካለፈ መብቱን በተግባር ማዋል እጅግ አስቸጋሪ ይሆናል። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 187 መሠረት ይግባኝ ባዩ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ የሚል መሆኑን ፍርዱን ለሰጠው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ማስታወቅ፣ የፍርዱን ግልባጭ ከተቀበለ በኋላ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ የይግባኝ ማመልከቻውን ማቅረብ አለበት። ብዙ ሰው እነዚህን ሁለት ቀኖች እንደ አንድ አድርጎ ይቆጥራቸዋል። የመጀመሪያው የሚቆጠረው ፍርዱ ከተነበበበት ዕለት ሲሆን ሁለተኛው የሚቆጠረው ግልባጩ እጅ ከገባበት ዕለት ነው። ስለዚህ ግልባጩ የተጠየቀበትንና የተሰጠበትን ቀን የሚያሳይ ማኅተም ያለበት ወረቀት መያዝ፣ ቆይቶ የሚነሣን የቀን ክርክር አስቀድሞ ይዘጋል።

ማረሚያ ቤት ያለ ሰው ይግባኝ የማለት ፍላጎቱን በማረሚያ ቤቱ አስተዳደር በኩል ማቅረብ ይችላል፤ ይህንንም ሲያደርግ ያስገባበትን ቀን የሚያረጋግጥ ፊርማ መጠየቅ አለበት። ቀኑ ካለፈ በአንቀጽ 191 መሠረት የማስፈቀጃ ማመልከቻ ማቅረብ ይቻላል፤ ሆኖም ፍርድ ቤቱ የሚፈቅደው መዘግየቱ በአመልካቹ ጥፋት ያልደረሰ መሆኑ ሲታይ ነው። «ገንዘብ እስክናገኝ ቆየን» የሚለው ምክንያት በአብዛኛው አያስኬድም። ግልባጩ ዘግይቶ መሰጠቱን የሚያሳይ ደብዳቤ፣ የሆስፒታል ማስረጃ ወይም የማረሚያ ቤት ማረጋገጫ ግን ሊያስኬድ ይችላል። ለጠበቃ የሚከፍለው የሌለው ይግባኝ ባይ በክልሉ ፍርድ ቤቶች ያለውን የተከላካይ ጠበቃ ጽሕፈት ቤት ወይም በዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚገኙትን ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከሎች መጠየቅ ይችላል፤ በተለይ የመጀመሪያው ችሎት ላይ ተከላካይ ጠበቃ ተመድቦለት ከነበረ፣ ያ ጠበቃ መዝገቡን የሚያውቅ ስለሆነ የመጀመሪያው ጥያቄ ለእርሱ ቢቀርብ ይመረጣል።

ይግባኝ ማስገባት በራሱ ከእሥር አያስፈታም። የቅጣቱ አፈጻጸም እንዲታገድ ማመልከት በአንቀጽ 188 የሚታይ ሌላ ጥያቄ ሲሆን፣ በግድያ ወንጀል ጽኑ እሥራት የተፈረደበት ሰው በዚህ ላይ ብዙ ተስፋ ባያሳድር ይሻለዋል።

መዝገቡን ማስገልበጥና ማንበብ

የሚያስፈልገው የፍርዱ የመጨረሻ ገጽ ብቻ አይደለም። የክሱ ማመልከቻ፣ የዐቃቤ ሕግና የመከላከያ ምስክሮች በችሎት የሰጡት ቃል፣ ተከሳሹ በአንቀጽ 27 መሠረት ለፖሊስ የሰጠው ቃልና በአንቀጽ 35 መሠረት ለፍርድ ቤት ሰጥቶት ከሆነ ያ ቃል፣ የአስከሬን ምርመራ ውጤቱ፣ ፖሊስ የሠራው የቦታ ንድፍ፣ ተከሳሹ መከላከያውን እንዲያቀርብ «ተከላከል» የተባለበት ብይን፣ የጥፋተኝነት ውሳኔው፣ የቅጣት አስተያየቶቹና የቅጣት ውሳኔው በሙሉ መገልበጥ አለባቸው። ዳኞች በድምፅ ተለያይተው ከሆነ የአነስተኛው ድምፅ ሐሳብ ለይግባኝ ባዩ ከሁሉ የበለጠ ጠቃሚ ሰነድ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ መዝገብ ላይ አንድ ዳኛ ያመነበትን ጥርጣሬ በሕግ ቋንቋ ተጽፎ ያገኘዋልና።

ፍርዱ ሲነበብ በእጅ መያዝ ያለበት መለኪያ አንቀጽ 149 ነው። ይህ አንቀጽ ፍርዱ የማስረጃውን አጭር መግለጫ፣ ማስረጃው የታመነበትን ወይም ውድቅ የተደረገበትን ምክንያትና መሠረት የሆነውን የሕግ አንቀጽ እንዲይዝ ያዝዛል። ከዚህ ተነሥቶ ሦስት ጥያቄዎችን በጠርዙ ላይ እየጻፉ ማንበብ ይጠቅማል፦ ፍርድ ቤቱ ያመነው የትኛውን ምስክር ነው? የመከላከያ ምስክሮቹን ያላመነበት ምክንያት ምንድን ነው? ምክንያቱ የቆመው በየትኛው ገጽ ላይ ባለ ቃል ነው? «የመከላከያ ምስክሮች የዐቃቤ ሕግን ማስረጃ አላስተባበሉም» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ሰፍሮ ከሆነና እነርሱ ምን እንዳሉ ካልተመዘነ፣ ይህ ራሱን የቻለ የይግባኝ ነጥብ ነው።

ክርክሩ በሚካሄድበት ጊዜ ስለ ቀጠሮ፣ ስለ መቃወሚያ ወይም ስለ ማስረጃ ተቀባይነት በተሰጡ ትእዛዞች ላይ በወቅቱ ለብቻ ይግባኝ ማለት በአንቀጽ 184 የተከለከለ ቢሆንም፣ ከመጨረሻው ፍርድ በኋላ ግን በይግባኙ ውስጥ እንደ አንድ ምክንያት ሊነሡ ይችላሉ። ለምሳሌ ተከሳሹ የጠራው የወሰን ምስክር «ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የለውም» ተብሎ ሳይሰማ ቀርቶ ከሆነ፣ ጊዜው አሁን ነው።

ጥፋቱን አምኖ ለተፈረደበት ሰው በሩ ጠባብ ነው። በአንቀጽ 185 መሠረት እንዲህ ያለው ሰው ይግባኝ ማለት የሚችለው በቅጣቱ መጠንና ሕጋዊነት ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ የሰፈረው የእምነት ቃል በእርግጥ የወንጀሉን ፍሬ ነገሮች በሙሉ ያመነበት መሆኑ በጥንቃቄ መታየት አለበት። «አዎ መትቼዋለሁ፣ እርሱ ግን አስቀድሞ በመጥረቢያ መጣብኝ» ያለ ሰው በትክክል ሲታይ ጥፋቱን አላመነም።

መሬቱ በሁለት በኩል የሚቆርጥ ማስረጃ ነው

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ክፍል ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው። የመሬት ክርክሩ ለዐቃቤ ሕግ የግድያው መነሻ ምክንያት ሆኖ ይቀርባል፤ ቀደም ሲል ቂም ነበረ፣ ተከሳሹ ተሸንፎ ነበር፣ ስለዚህ አስቦ ጠበቀው ይባላል። ለተከሳሹ ደግሞ ያው ክርክር ሟቹ ወደ ይዞታው ገብቶ እንደነበረና ጠቡን እንዳነሣሣ ማሳያ ይሆናል። በአንድ ማመልከቻ ውስጥ «ለ10 ዓመት ሲያሠቃየኝ ኖሯል» ብሎ ጽፎ ወዲያው «በድንገት በተነሣ ጠብ ነው» ማለት የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ሁለተኛውን እንዲያፈርሰው መፍቀድ ነው። ከዚህ ቀደም የተደረገ የወሰን ክስ፣ የወረዳ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወይም የሽማግሌ ስምምነት ሲጠቀስ፣ ከግድያው ዕለት ጋር የሚያገናኘው ነገር በዚያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ መገለጽ አለበት።

በጣም ተደጋግሞ የሚታየው ስሕተት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተርን እንደ መከላከያ ማቅረብ ነው። ደብተሩ መሬቱን የመጠቀም መብት የማን እንደሆነ ሊያስረዳ ይችላል፤ የመሬት ባለቤትነት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ሲሆን፣ የባለይዞታው መብትም በፌዴራሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324/2016 እና በክልል አዋጆች ይጠበቃል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1148ም ባለይዞታው ይዞታውን ለመንጠቅ ወይም ለማወክ የሚመጣበትን ሰው በኃይል እንዲመልስ ይፈቅድለታል። ነገር ግን ያው አንቀጽ ሁኔታው ከሚጠይቀው ያለፈ የኃይል ሥራ እንዳይፈጸም ይከለክላል፤ በዚያው ሕግ አንቀጽ 1149 ደግሞ ሁከት የተፈጠረበት ሰው በ2 ዓመት ውስጥ ሁከት ይወገድልኝ ብሎ እንዲከስ መንገድ ተከፍቶለታል። በፍርድ ቤት ሊመለስ የሚችል አንድ ጥማድ መሬትና ሊመለስ የማይችል የሰው ነፍስ በሚዛን ላይ ሲቀመጡ ዳኛው ወዴት እንደሚያዘነብል ግልጽ ነው። ስለዚህ «መሬቱ የኔ ስለሆነ» የሚለው ክርክር ብቻውን ነፃ አያወጣም።

ደብተሩ የሚጠቅመው በሌላ መንገድ ነው። ካርታ ያለው ሁለተኛ ደረጃ ደብተር ከፖሊስ የቦታ ንድፍ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ሟቹ የወደቀበት ቦታ ከወሰኑ በየትኛው በኩል እንደሆነ ያሳያል። የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች «ተከሳሹ ሟቹን በገዛ ማሳው ላይ ሲያርስ አድፍጦ መታው» ብለው ከሆነና ቦታው በተከሳሹ ይዞታ ውስጥ ሃያ ወይም ሠላሳ እርምጃ ገባ ብሎ ከተገኘ፣ የምስክሮቹ ተአማኒነትና የማድፈጥ ክርክሩ ሁለቱም ይናጋሉ።

የትኛው አንቀጽ ነው?

ብዙ የይግባኝ ማመልከቻዎች «ነፃ ልሰናበት» ብለው ጠይቀው ያቆማሉ። ከወሰን ጠብ በተነሣ ግድያ ግን ብዙ ጊዜ ድርጊቱ ራሱ አያከራክርም፤ የሚያከራክረው የት አንቀጽ ሥር እንደሚወድቅ ነው፤ ልዩነቱም ከዕድሜ ልክ እሥራት እስከ ጥቂት ወራት ይደርሳል። አንቀጽ 539 ከባድ የሰው ግድያ ሲሆን ቅጣቱ የዕድሜ ልክ ጽኑ እሥራት ወይም ሞት ነው። አንቀጽ 540 ተራ የሰው ግድያን ከ5 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል። አንቀጽ 541 ከሕጋዊ መከላከል ወይም ከአስገዳጅ ሁኔታ ወሰን በማለፍ፣ ወይም በከባድ የቁጣ ማነሣሣት፣ በድንገተኛ ድንጋጤ ወይም ሁኔታው በሚያስረዳውና በተወሰነ ደረጃ ይቅር በሚያሰኘው ብርቱ ስሜት ለተፈጸመ ግድያ ሲሆን ቅጣቱ ከ5 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እሥራት ነው። አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ለደረሰ ሞት ነው፤ የመጀመሪያው ንዑስ አንቀጹ የእሥራት ቅጣቱን ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት አድርጎ ይጀምራል።

ስለዚህ ማመልከቻው ጥያቄዎቹን በደረጃ ማቅረብ አለበት፦ በመጀመሪያ ነፃ መሰናበት፣ ይህ ቢታለፍ ድርጊቱ በአንቀጽ 78 የተፈቀደ ሕጋዊ መከላከል እንዲባል፣ ይህም ቢታለፍ ወደ አንቀጽ 541 ወይም 543 እንዲቀየር፣ በመጨረሻም ቅጣቱ እንዲቀነስ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 113 ማስረጃው የሚያሳየው ከተከሰሰበት ያነሰ ወንጀል ከሆነ ባልተከሰሰበትም በዚያ አንቀጽ ጥፋተኛ ለማለት ስለሚፈቅድ፣ «በዚህ አንቀጽ አልተከሰሰም» የሚለው መልስ ጥያቄውን አያግደውም። ሆኖም የደረጃ ጥያቄዎች እርስ በርስ እንዳይጣሉ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «በቦታው አልነበርኩም» የሚለውን መከላከያ በሥር ፍርድ ቤት ያቀረበ ሰው በይግባኝ «ራሴን ስከላከል ነው» ቢል ሁለቱም ክርክሮች ይወድቁበታል። እንዲህ ባለው መዝገብ ላይ የቦታ መከላከያውን አጥብቆ ይዞ፣ የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ እንዳለ ቢወሰድ እንኳ ከአንቀጽ 541 በላይ አያሳይም ብሎ መከራከር የተሻለው መንገድ ነው።

ሕጋዊ መከላከልን ለማንሣት የሚፈልግ አመልካች በአንቀጽ 78 የተዘረዘሩትን መመዘኛዎች አንድ በአንድ ከመዝገቡ ጋር ማገናኘት አለበት። ጥቃቱ ሕገ ወጥ ነበርን? በዚያው ቅጽበት የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ ነበርን? በሌላ መንገድ ማምለጥ ይቻል ነበርን? መከላከያው ከአደጋው ክብደትና ከሚጠበቀው መብት ጋር ይመጣጠናልን? መጨረሻው ጥያቄ ላይ የመሬት ጉዳይ ተመልሶ ይመጣል። የሚጠበቀው መብት ይዞታ ብቻ ከነበረ ምጣኔው አይገኝም፤ ሟቹ ማሳው ላይ ገብቶ ማጭድ ወይም መሣሪያ ካነሣ ግን የሚጠበቀው መብት ሕይወት ይሆናል። ማመልከቻው ጉልበቱን በሙሉ ማፍሰስ ያለበት ክርክሩ ከይዞታ ወደ ሕይወት የተሻገረበትን ቅጽበት በምስክር ቃል በማሳየት ላይ ነው። መከላከሉ ከወሰን ያለፈ ቢሆንም እንኳ፣ አንቀጽ 79 የወሰኑ ማለፍ በጥቃቱ ምክንያት ከተፈጠረ ይቅር ሊባል በሚችል ፍርሃት፣ ድንጋጤ ወይም የስሜት መነሣሣት ከሆነ ፍርድ ቤቱ ቅጣት እስካለመወሰን እንዲደርስ ይፈቅዳል። ይህ ንዑስ አንቀጽ በማመልከቻዎች ውስጥ መጠቀስ ከሚገባው ያነሰ ይጠቀሳል።

ሐሳብን በተመለከተ፣ በዱላ እግሩን ተመትቶ ከሳምንታት በኋላ የሞተ ሰው ጉዳይ ጠብመንጃ ደረቱ ላይ ከተተኮሰበት ሰው ጉዳይ ጋር እኩል መታየት የለበትም። የአንቀጽ 58 ንዑስ አንቀጽ 3 ማንም ሰው ካሰበው በላይ ለደረሰ ውጤት፣ ስለ ቸልተኝነት የተደነገገው እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ጥፋተኛ እንዳይባል ይደነግጋል። ስለዚህ የአስከሬን ምርመራው ምን ያህል ምት፣ በየት በኩል፣ በምን ዓይነት መሣሪያ እንደደረሰ የሚናገረው ከምስክሮቹ ቃል ጋር ይነጻጸራል። «ከኋላው በመጥረቢያ ሦስት ጊዜ መታው» ያለ ምስክርና በግንባር ላይ አንድ ቁስል ብቻ ያገኘ የሐኪም ወረቀት አብረው ሊቆሙ አይችሉም። የሞቱ ምክንያት ምቱ ነው ወይስ በመካከል የገባ ሌላ ነገር የሚለው ደግሞ በአንቀጽ 24 የምክንያትና የውጤት ግንኙነት ሥር ይታያል።

በቤተሰብ ደረጃ በተደረገ አምባጓሮ የተከሰሱ ወንድማማቾች ወይም አባትና ልጅ በአንድ ጠቅላላ ዐረፍተ ነገር «በጋራ ገደሉት» ተብለው ከተፈረደባቸው፣ እያንዳንዱ ያደረገውና ያሰበው ተለይቶ መመርመር እንዳለበት ለየብቻ መከራከር ያስፈልጋል። ጥቅማቸው ሲጋጭ አንድ ጠበቃ ለሁሉም መቆም የለበትም፤ ቤተሰቡ ይህን መስማት ባይወድም።

ስለ ምስክሮች

በእንዲህ ዓይነት ጉዳይ ምስክሮች በአብዛኛው የሁለቱ ወገን ዘመዶችና ጎረቤቶች ናቸው። «የሟች ወንድም ስለሆነ አይታመንም» የሚለው ክርክር ብቻውን ክብደት የለውም፤ ዘመድነት ቃሉን ውድቅ አያደርገውም። ክብደት የሚያገኘው ምስክሩ በፖሊስ ጣቢያ ካለው ቃል ጋር የሚጋጭ ቃል በችሎት መስጠቱን፣ ከቆመበት ቦታ ለማየት አለመቻሉን ወይም ሁለት ምስክሮች በፍሬ ነገሩ ላይ መለያየታቸውን ከነገጹ ማሳየት ሲቻል ነው። ስለ ልብስ ቀለም ወይም ስለ ሰዓት ያለ ትንሽ ልዩነት ላይ ሦስት ገጽ መጻፍ ዋናውን ልዩነት ይደብቀዋል።

አጻጻፉ

አንቀጽ 189 የይግባኝ ማመልከቻው ምክንያቶቹን ባጭሩና በተራ ቁጥር፣ የሚጠየቀውንም ዳኝነት ለይቶ እንዲገልጽ ይጠይቃል። ከሦስት እስከ አምስት የሚሆኑ ጠንካራ ምክንያቶች ከአሥራ አምስት ደካሞች ይሻላሉ። እያንዳንዱ ምክንያት የሥር ፍርድ ቤቱ ያለውን፣ ማስረጃው የሚለውን፣ ሕጉ የሚያዘውንና የተፈጠረውን ስሕተት በዚህ ቅደም ተከተል መያዝ አለበት።

«የሥር ፍርድ ቤት በስሜት ተነሣሥቶ ያለ ማስረጃ ፈረደብኝ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ዳኞችን ከማስቀየም ያለፈ ሥራ የለውም። በአንጻሩ እንዲህ ተብሎ ቢጻፍ፦ «የሥር ፍርድ ቤት በፍርዱ 6ኛ ገጽ ይግባኝ ባይ ሟችን አድፍጦ እንደመታው ደምድሟል። ለዚህ የተጠቀሱት 1ኛ እና 3ኛ የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ግን ሟችና ይግባኝ ባይ አስቀድመው በወሰኑ ላይ ቆመው ሲከራከሩ እንደነበር፣ ሟችም ድንጋዩን ሲነቅል ጠቡ እንደተጀመረ በመስቀለኛ ጥያቄ መልሰዋል። ስለሆነም የማድፈጥ ፍሬ ነገር አልተረጋገጠም፤ ጥፋቱ ከአንቀጽ 539 በታች ነው።» ይህ ዓይነቱ አንቀጽ ችሎቱ ገጹን ገልጦ እንዲያይ ያስገድደዋል።

አዲስ ማስረጃ ማቅረብ ልዩ ሁኔታ ነው። በአንቀጽ 194 መሠረት የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የሚያየው በሥር መዝገብ ላይ ያለውን ማስረጃ ሲሆን፣ ተጨማሪ ማስረጃ የሚሰማው አስፈላጊነቱን ሲያምንበትና ምክንያቱን ሲመዘግብ ነው። አዲስ የተገኘ የመሬት ካርታ ወይም የሕክምና ወረቀት ካለ፣ በሥር ፍርድ ቤት ያልቀረበበት ምክንያት ከጥያቄው ጋር አብሮ መጻፍ አለበት።

በችሎት

ማመልከቻው ሲቀርብ ችሎቱ በመጀመሪያ መዝገቡን መርምሮ ይግባኙ «ያስቀርባል» ወይም «አያስቀርብም» ይላል። ያስቀርባል ከተባለ ዐቃቤ ሕግ መልስ እንዲሰጥ ይታዘዛል። በአንቀጽ 192 መሠረት ይግባኝ ባዩ ይጀምራል፣ መልስ ሰጪው ይቀጥላል፣ ይግባኝ ባዩም የመልስ መልስ ይሰጣል። ከዚያ በአንቀጽ 195 መሠረት ፍርዱ ሊጸና፣ ሊሻር፣ አንቀጹ ሊቀየር ወይም ቅጣቱ ሊስተካከል ይችላል። ማስተካከል ሲባል መቀነስ ብቻ አይደለም፤ ሕጉ የመጨመርን ሥልጣንም ለይግባኝ ፍርድ ቤቱ ሰጥቶታል። በተለይ ዐቃቤ ሕግም ቅጣቱ አንሷል ብሎ በበኩሉ ይግባኝ ባቀረበበት መዝገብ ላይ ይህ እውነተኛ አደጋ ስለሆነ፣ ዝቅተኛ ቅጣት ያገኘ ሰው ይግባኝ ከማለቱ በፊት ከጠበቃው ጋር መምከር አለበት። ከአንድ ክስ ተከሳሾች መካከል ይግባኝ ያላለው ሰውም በአንቀጽ 196 መሠረት ከይግባኙ ውጤት ሊጠቀም ስለሚችል፣ ማመልከቻው ይህን በግልጽ ቢጠይቅ ጥሩ ነው።

ስለ ቅጣትና ስለ እርቅ

በቅጣት ረገድ የሥር ፍርድ ቤቱ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ባወጣው የተሻሻለው የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ቁጥር 2/2006 መሠረት እርከኑን (ቅጣቱ የሚወድቅበትን ደረጃ) በትክክል መያዙንና ለእያንዳንዱ ማቅለያ መቀነሱን ማስላት ያስፈልጋል። የአንቀጽ 82 ጠቅላላ ማቅለያዎች መካከል የቀድሞ መልካም ጠባይ፣ በሟቹ የጥፋት ሥራ መነሣሣት፣ እጅ መስጠትና ጉዳትን መካስ በመሬት ጉዳዮች ላይ ደጋግመው ይነሣሉ። ግን ያው አንቀጽ 82 አንድ ሁኔታ ወንጀሉን ቀላል ለማድረግ ተወስዶ ከነበረ ሁለተኛ ጊዜ ለቅጣት ማቅለያ እንዳይወሰድ ይከለክላል፤ በማነሣሣት ምክንያት ወደ 541 የወረደ ሰው ማነሣሣቱን እንደገና ማቅለያ አድርጎ ማቅረብ አይችልም።

የሁለቱ ቤተሰቦች በሽማግሌ ታርቀው ደም ማድረቅ ወይም የጉማ ሥርዓት ተፈጽሞ ከሆነ፣ የግድያ ክስ በእርቅ አይቋረጥም። ሆኖም የእርቁ ውል፣ የተከፈለው ካሳና የሽማግሌዎቹ ቃል የጸጸትና የካሳ ማስረጃ ሆነው ለቅጣት ማቅለያ ይቀርባሉ። በጽሑፍ ያልሰፈረ እርቅ ካለ በተቻለ ፍጥነት በጽሑፍ ማስፈርና ማስፈረም ይገባል፤ ከቅጣቱ ውሳኔ በኋላ የተፈጸመ እርቅ ደግሞ በአንቀጽ 194 ስለ ተጨማሪ ማስረጃ የተነገረውን ሥርዓት ይከተላል።

ለሟች ቤተሰብ

ይህ መመሪያ በአብዛኛው ለተፈረደበት ወገን ቢያተኩርም፣ ተከሳሹ ነፃ ሲባል ወይም ቅጣቱ ሲያንስ የሟች ቤተሰብም መንገድ አለው። በወንጀሉ ክፍል ይግባኝ የሚለው ዐቃቤ ሕግ ስለሆነ፣ ቤተሰቡ ውሳኔው በተሰጠ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለጉዳዩ ዐቃቤ ሕግ በጽሑፍ ቅሬታውን ማቅረብና የ15 ቀኑን ገደብ ማስታወስ አለበት። ካሳን በተመለከተ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2095 ለትዳር ጓደኛ፣ ለወላጆችና ለልጆች የመክሰስ መብት ሰጥቷል፤ አንቀጽ 2149 ደግሞ የፍትሐ ብሔር ችሎቱ በወንጀሉ ነፃ መባል እንደማይገደድ ይደነግጋል። የመሬት ክርክሩ ራሱም ከወንጀሉ ውጤት ጋር ሳይያያዝ በራሱ መንገድ ይቀጥላል፤ ተከሳሹ ስለታሰረ ብቻ ይዞታው ለሟች ቤተሰብ አይተላለፍም።

ይግባኙ ሳይሳካ ሲቀር

በይግባኝ ችሎቱ ውሳኔ ያልረካ ወገን የሚቀረው ሰበር ነው። ሰበር ማስረጃን እንደገና አይመዝንም፤ የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስሕተት መፈጸሙን ብቻ ነው። ክልላዊ ሰበር ሰሚ ችሎቶች በየክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያሉ ሲሆን፣ ጉዳዩ ወደ ፌዴራል ሰበር የሚሄድበት ሁኔታ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 ተደንግጓል። «ምስክሮቹ ዋሹ» የሚለው ለሰበር አይሆንም፤ «ፍርድ ቤቱ የተቀበላቸው ፍሬ ነገሮች ራሳቸው አንቀጽ 541ን ያቋቁማሉ፣ እርሱ ግን 540ን ጠቀሰ» የሚለው ይሆናል። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በሁሉም ደረጃ ያሉ ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ፣ በተመሳሳይ ጉዳይ የታተመ የሰበር ውሳኔ መፈለግና በመዝገብ ቁጥሩ መጥቀስ ከብዙ ገጽ ክርክር ይበልጣል።

ይግባኙ ተሳክቶ ቅጣቱ ከተቀነሰ፣ ውሳኔው በችሎት መነበቡ ብቻ በቂ አይደለም። የተሻሻለው ትእዛዝ ወደ ማረሚያ ቤቱ መላኩንና እዚያ መመዝገቡን መከታተል ያስፈልጋል፤ ፍርዱ ከመሰጠቱ በፊት በእሥር ያለፈው ጊዜ በቅጣቱ ውስጥ መታሰቡም እንደዚሁ። በአንቀጽ 202 መሠረት በአመክሮ የሚፈታበት ቀን የሚሰላው ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛው ሲፈጸም ስለሆነ፣ ከ15 ወደ 9 ዓመት የወረደ ቅጣት የአመክሮውን መነሻ ከ10 ዓመት ወደ 6 ዓመት ያወርደዋል። ስለዚህ የውሳኔው ግልባጭ አንድ ቅጂ በቤተሰቡ እጅ፣ አንድ ቅጂ በማረሚያ ቤቱ መዝገብ ክፍል መኖሩ መረጋገጥ አለበት።